ዲዳው አጎቴ ተክሌ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ከአልዩ አምባ አንኮበር መውጣት እንደዛሬው መኪና ላይ አንቀላፍቶ መንቃት አልነበረም። እኔ ኑሩ በቅሎ ነጂ ነበርኩ፤ ዳገቱ ከመክፋቱ የተነሳ ጥላዬ እንኳ ደክሞት እመንገድ ዳር ይቀመጥና "አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ" ይለኛል። ምን ያስቅሃል? እውነቴን ነው! ወላሂ ግን አልልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ወላሂ አይባልም።

እና ቆላው ጥጡንና በርበሬውን ጭኖ ይወጣል፣ ደጋው ገብሱንና የሱፍ ባናውን ይዞ ይወርዳል፤ እኛ አርጎቦቹ እስላሞች፣ እነሱ ክርስቲያኖች፣ በገበያ እንገናኛለን፣ እንሳደባለን፣ እንሳሳቃለን፣ እንለያያለን። መንገዱ ቀጭን ነው፣ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ገደል፤ ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ታዲያ ደንብ አለው። ተጭኖ የሚወጣ ይቀድማል፣ ባዶውን የሚወርድ ቆሞ ያሳልፋል። ንጉሥም ቢወርድ ቆሞ ያሳልፍ ነበር ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ፤ እኔ ንጉሥ ሲወርድ አላየሁም፣ ግን ይሉ ነበር።

ደርግ ገብቶ መሬት ለአራሹ የተባለ ሰሞን ነው። ሐሰን የሚባል የሰፈሬ ልጅ፣ የእማ ዘይነብ የበኩር ልጅ፣ ጭኖ ይወጣል፤ እኔ ከኋላው ጭነት ላልቶብኝ እያጠበቅሁ ነኝ። ከላይ ደምሴ የሚባል የደጋ ጎረምሳ ባዶ እጁን ዱላውን እያሽከረከረ ይወርዳል።

"ዞር በል!" አለው ደምሴ።

"አንተ ዞር በል እንጂ፣ ደንቡን አታውቅም? የተጫንኩት እኔ ነኝ።"

"የምን ደንብ? ደንብ አገር ላለው ነው! አንተ አገር የለህ፣ አፍ የለህ! ይኸ የምትለፈልፍበት አፍ እንኳ ከእኛ የተዋስከው ነው!"

ሰማችሁ? እንዲህ አለው። ሐሰን በጥፊ አለው፣ ደምሴ በዱላ መለሰ፣ እና ሐሰን እግሩ ጠርዙን ሳተ። እኔ ስደርስ በቅሎዋ ብቻዋን ቆማ ወደ ታች ታያለች። ደምሴ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ "አልገፋሁትም፣ አልገፋሁትም" ይላል። ይኸን አላጋንንም። ይኸ አይጋነንም።

መንግሥት ደምሴን ደብረ ብርሃን ወህኒ አወረደው። እኛ ሐሰንን ቀበርን። እና እማ ዘይነብ፣ ቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ተነሳችና "ልጄን ተውሰሃል ያሉት ይኸን አፍ ነው? እንግዲያው እንኩ፣ መልሼላችኋለሁ" አለች። እና ከዚያ ቀን ጀምሮ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። እንዲያው ጠብ አላለም!

አርጎብኛ ብቻ! የእናት የአያቷን አፍ! ታዲያ ጉዱ ምንድን ነው፣ በዚያን ጊዜ መንደራችን ውስጥ አርጎብኛ አጥርቶ የሚያውቅ እሷና የመንደሩ ሼህ፣ ሼህ አወል፣ ብቻ ቀርተዋል። የእኛ ወላጆች ይናገሩት የነበረው እኛ እንዳንሰማ የፈለጉ እንደሆነ ነው፣ የእኛ ድርሻ ማፈር ነበር፤ ገበያ ላይ አንዲት ቃል ካመለጠችህ ይስቁብሃላ! እኔ ከአያቴ የወረስኩት የበቅሎ መንጃዋን ብቻ ነው፣ "ሂጂ" እና "ቁሚ" እና ሁለት ስድብ። ሁለተኛው ልጇ ሰይድ ደግሞ ያችኑ የበቅሎዋንም አያውቅ። እናትና ልጅ አንድ ቤት ተቀምጠው በእጅ ምልክት! ጨው ስትለው እሳት ያመጣል፣ እሳት ስትለው ዶሮ ያመጣል። የሰይድ እጅ በምልክት ብዛት አለቀ፣ ጣቶቹ እንደ መርፌ ቀጠኑ።

አንድ ቀን ካድሬ መጣ፤ መነጽር ያለው፣ እጁን እያወዛወዘ የሚናገር ልጅ እግር። ሾላው ሥር ሰበሰበንና "ጓዶች፣ የብሔረሰቦች እኩልነት ታውጇል። እናንተ ምንድን ናችሁ?" አለ።

እርስ በርስ ተያየን። አንዱ "እስላም ነን" አለ።

"እስላም ሃይማኖት ነው ጓድ!"

"እሺ፣ ነጋዴ።"

"ነጋዴ መደብ ነው!"

"ታዲያ ራስህ ንገረንና እንሁንልህ!"

ማንም አርጎባ ነኝ አላለም፣ እኔም አላልኩም። ይኸኔ እማ ዘይነብ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለችና ጀመረች። ተናገረች፣ ተናገረች፣ ፀሐይቱ ከሾላው ወዲህ የነበረች ከሾላው ወዲያ ተሻገረች፣ ካድሬው ላቡ በመነጽሩ ላይ ፈሰሰ።

"ምን አለች?" አለ ዝም ስትል።

ሼህ አወል ጉሮሮውን ጠረገና "'እዚሁ ነበርን' ብላለች" አለ።

"ይኸን ሁሉ ተናግራ ይኸን ብቻ?"

"የቀረው ስለ እርስዎ አስተዳደግ ነው።"

እንዴት ሳቅን! ግን ልጆቼ፣ ከሳቁ በኋላ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ታዲያ ዓመታት አለፉ፤ ሰይድን አብዮት ጥበቃ አደረጉትና ጠመንጃ ሰጡት። አስቡት! የወንድሙ ደም ያልደረቀለትን ልጅ ጠመንጃ ሰጡት፣ ለአብዮቱ ብለው። ወዲያው ደግሞ ወሬ መጣ፤ ደምሴ ሊፈታ ነው።  ሰይድ አንዲት ጥይት ለየና ኪሱ ከተታት፣ ገበያ ሲውልም ይዳብሳታል፣ ሲሰግድም ይዳብሳታል።

የደምሴ አባት ጋሽ ተክሌ ይባላል፣ አንኮበር ላይ ገብስ አራሽ ነው፤ በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ተምሮ ዳዊት በቃሉ የሚደግም፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹን ወደ እማ ዘይነብ ላከ፤ መስቀል የያዘ ቄስ ከፊት፣ ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች ከኋላ። ሰማቻቸው፣ አንዲት ነገር አለችና በሩን ዘጋች። ሼህ አወል ነው የተረጎመላቸው፤ እሱ አበጋር ነው፣ ደም የሚያደርቅ፣ አባቱም አያቱም አበጋር። "'ልጄ በተሰደበበት አፍ ይቅርታ አልሰማም' ብላለች" አላቸው።

ጋሽ ተክሌ ገበያ መጥቶ እኔን ያዘኝ።

"ኑሩ፣ ልጄ ሊወጣ ነው። ካልታረቅሁ ይገድሉታል። ከገደሉት ደግሞ የእኔ ወንድሞች ሰይድን ይገድሉታል። ከዚያ ማን ይቀራል?"

"ምን ላድርግልዎ ጋሼ? ሴትዮዋ አማርኛ አልሰማም ብላለች።"

"በየትኛው ትሰማለች?"

"በራሷ ነዋ።"

"እማራለሁ።"

ሳቄ አመለጠኝ። "ጋሽ ተክሌ! ጥርስ እንኳ የለዎትም፣ በምን ያኝኩታል?"

"ዳዊትን ያኘክሁት በጥርስ መሰለህ? ይልቅ የሚያስተምረኝ ሰው ጋ አድርሰኝ።"

አያችሁ ሰውዬውን? የገዳይ አባት ቆላ መውረድ ማለት ራሱን ለጥይት መስጠት ነው። ታዲያ እኔ ኑሩ ምን ዘዴ ፈጠርኩ? ኮፍያዬን አጠለቅሁለት፣ ሽርጥ አስታጠቅሁት፣ በቅሎዬ ላይ ሰቀልኩት፣ እና ለመንደሩ ሁሉ "ከሐረር የመጣ አጎቴ ነው፣ ዲዳ ነው፣ ሼህ አወል ዱዓ ያደርግለታል" አልኩ።

"ማተብዎን ይፍቱ እንጂ ጋሼ" ስለው፣ "አንገቴን ቁረጥ እንጂ ማተቤን አልፈታም" አለኝ፤ በኩታ ጠቀለልኩት። ሰው "አሰላሙ አለይኩም" ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። አንዷ "ምስኪን፣ ከልደቱ ነው?" ስትለኝ፣ "ከሆድ ነው እንጂ! እናቱ ማህፀን ውስጥም አልተናገረም" አልኳት። አንድ ቀን ራሱ ሰይድ መንገድ ላይ አገኘንና፣ ያ ባለ ጥይቱ፣ "አጎትህ ተሻለው?" አለኝ፤ ጋሽ ተክሌን ከበቅሎ ደግፎ አወረደው! ሽማግሌው እጁን ያዘው፣ አልለቀው አለ። ሰይድ "ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?" አለኝ። "ፀሐይ ነው" አልኩት።

ሼህ አወል ጓሮ ነው ትምህርቱ። እና ጉዱን ስሙ፤ ጋሽ ተክሌ ሌላ መማሪያ መንገድ አያውቅም፣ ዳዊት እንደ ተማረ ነው አርጎብኛውንም የተማረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ በዜማ! ሼሁ ዘንጉን አንስቶ "ተክሌ! ይኸ ዳዊት አይደለም፣ ዝም ብለህ ተናገረው!" ይለዋል። እሱ "ሼኬ፣ ያላዜምኩት አይቀመጥልኝም" ይላል። ሼሁ "አላህ ይሁነኝ" ይልና ይተወዋል። በኋላማ እሱ ራሱ ትንሽ ትንሽ ማዜም ጀመረ፤ እኔ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ።

አንዲት ቃል ብቻ አላስተማረውም። ጋሽ ተክሌ "ይቅር በይኝ የሚለውስ?" ሲለው፣ ሼሁ ራሱን ነቀነቀ። "እሷን አልሰጥህም። እሷ የእኔ አይደለችም፣ የባለቤቷ ናት። ያጠፋውን ልጅህን፣ ያጠፋውንም ጥፋት ተናገር። የቀረውን ዘይነብ ታውቃለች።"

ደምሴ ተፈታ። እና የእርቁ ቀን ተቆረጠ፣ ታዲያ የተቆረጠው መቼ ነው? የእነሱ ሁዳዴና የእኛ ረመዳን የተገናኙ ጊዜ! ቆላም ደጋም ጾመኛ፣ አገሩ በሙሉ አፉ ደርቆ። ሼሁ "ይኸው ጥሩ ነው፣ የራበው ሰው አይዋሽም" አለ።

ከመንደሩ በላይ ባለችው ወንዝ ላይ ነው፤ እንደ ደንቡ የሟች ወገን በወዲህ፣ የገዳይ ወገን በወዲያ፣ አበጋሩ መሀል ድንጋይ ላይ። ገና ሳንቀመጥ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እየሮጠ መጣ። "ይኸ ስብሰባ አልተፈቀደም!"

"ስብሰባ አይደለም፣ ጸሎት ነው" አለው ሼህ አወል።

"ጸሎትም አልተፈቀደም!"

"እንግዲያው ለቅሶ ነው።"

ሊቀመንበሩ አሰበ። "ለቅሶ... ለቅሶ እንኳ ይፈቀዳል" አለና ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

እማ ዘይነብ ወዲህ ቆማለች፣ ጥቁር ተከናንባ። አጠገቧ ሰይድ ጠመንጃውን ይዟል፣ ጥይቷ ገብታለች፣ አይቻለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቱ ፊቷን ካዞረች ይተኩሳል። ወዲያ ማዶ ደምሴ እጁን በገመድ ታስሮ ተንበርክኳል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ወህኒ ቤት አርጅቶ የአባቱ ታላቅ መስሏል።

ጋሽ ተክሌ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ማተቡ ይታያል፣ ኮፍያ የለው፣ ኩታ የለው። ውሃው እጉልበቱ ደረሰ። እና ጀመረ።

በአርጎብኛ!

ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር የተናገረው፣ ሼሁ እንዳዘዘው። ከዚያ ፈራ መሰለኝ፣ ቃሉ ሊጠፋው ሲል ዓይኑን ጨፈነና ወደ ዜማው ገባ። የአያቶቻችን አፍ በቤተ ክርስቲያን ዜማ! ሸለቆው ተቀበለው፣ ገደሉ መለሰው፣ ከብቱ ሣሩን ተወ፣ ውሃው ራሱ ቆመ፤ ውሃው ቆሟል፣ ማንንም ጠይቁ! እኛ ወጣቶቹ፣ ገበያ ላይ አንዲት ቃል ስታመልጠን አንገታችንን የምንደፋው፣ አፋችንን ከፍተን ቀረን። እንደዚህ ያምር ነበር እንዴ? ይኸን ነው እንዴ የደበቅነው? ከጎኔ አንዲት ጎልማሳ ሴት "ይኼ አያቴ የምታባብለኝ ነው" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጨረሰ። ድንጋዩ በጫንቃው ላይ እንዳለ ቆመ።

 እማ ዘይነብ አፏን ስትከፍት ምን ወጣ? አማርኛ! ያ ሁሉ ዓመት ተዘግቶ የኖረ አማርኛ፣ ዝገት የያዘ በር ሲከፈት እንደሚጮኸው ያለ ድምፅ።

"የኑሩ ዲዳ አጎት" አለችው፣ "አፍህ ተፈታ?"

ታውቅ ኖሯል! ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ኖሯል! እኔ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ስመኝ፣ እሷ ቀጠለች። "በደጄ ስታልፍ አውቅህ ነበር። ትጨርስ እንደሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ይቅር ብያለሁ ተክሌ። ድንጋዩን ጣል፣ ውሃው ይበርዳል።"

እልል ሊባል ሲል ሰይድ ጮኸ።

"እኔ አላልኩም! ምን እንዳለ አልሰማሁም! ያልሰማሁትን እንዴት ይቅር እላለሁ?" ወደ እኔ ዞረ፣ "ምን አለ ኑሩ?" እኔ ምን አውቄ! ከማውቃቸው የበቅሎ ቃላት አንዲትም አልነበረችበትም። ወደ ሼህ አወል ዞረ፤ ሼሁ አንገቱን ደፋ። ወደ እናቱ ዞረ።

"እሱን ጠይቀው" አለችው፣ በጣቷ ወደ ውሃው እያሳየች።

እና ሰይድ፣ ጠመንጃ በእጁ፣ የገዳዩን አባት የእናቱን አፍ ጠየቀው። "ምንድን ነው ያልካት?"

ጋሽ ተክሌ ድንጋዩን ገና አልጣለም። "'ልጅሽ ሐሰን ነው ስሙ' አልኳት። 'ተጭኖ ይወጣ ነበር፣ መንገዱ የእሱ ነበር። ልጄ ደምሴ ከለከለው፣ መታውም፣ ገደለውም። አገር የለህም አለው፤ ዋሸ። አባቶቼ ወደዚህ ሲመጡ መንገዱን ያሳዩዋቸው አባቶችሽ ናቸው። አፍ የለህም አለው፤ ዋሸ። ይኸው አፍሽ፣ በእሱ ቆሜ ለመንኩሽ' አልኳት። የመጨረሻዋን ቃል አላስተማሩኝም።"

ሰይድ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

"ልጅህ ምን ዋሸ ታዲያ? እውነቱን ነው። አፍ የለኝም። ያለህ አንተ ነህ።"

ልጆቼ፣ ይኸንን ሲል ከጥይት ይልቅ ይኸ መታን።  እማ ዘይነብ እንደ ተመታ ሰው ደረቷን ያዘች፤ ያን ሁሉ ዓመት ቤቷ ውስጥ በሩን የዘጋችው በማን ላይ እንደ ነበር ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል።

የመለሰለት ጋሽ ተክሌ ነው። "የእኔ አይደለም ልጄ" አለው። "ከጎረቤት ቤት እሳት ሊጭር እንደ ሄደ ሰው ነኝ። እሳቱ የቤታችሁ ነው፤ አልጠፋም፣ አይቼዋለሁ። ከእናትህ ጫር።"

ሰይድ ወደ እናቱ ዞረ። እሷ በአርጎብኛ አንዲት አጭር ነገር አለችው፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ያችኑ በአማርኛ ደገመችለት፤ "ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም።" መጀመሪያ በዚያኛው፣ ቀጥሎ በዚህኛው፣ እንዲህ እያለች፣ እሱ ከንፈሯን እያየ ተከትሎ እስኪላት ድረስ ደጋገመችለት። አላት! አንገት አልደፋም፣ ጮክ ብሎ አላት። እና ጥይቷን ከጠመንጃው አወጣና ወንዙ ውስጥ ወረወራት፣ ወርዶም ድንጋዩን ከሽማግሌው ጫንቃ አነሳለት።

ደምሴ ማዶ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ነበር። ገመዱን ሰይድ አልፈታለትም፤ ይኸን መዋሸት አልችልም። ሼህ አወል ነው የፈታው። ሰይድ ግን ሲፈታ ቆሞ አየ፣ ፊቱንም አላዞረም። ያን ቀን ይኸ ብዙ ነበር።

ታዲያ ደንቡ በግ ታርዶ ሁለቱም ወገን ከአንድ ገበታ መቅመስ ነው። ተክሌ አንድ ሙክት አምጥቷል። ማን ይረደው? ክርስቲያን ቢያርደው እኛ አንበላ፣ እስላም ቢያርደው እነሱ አይበሉ፣ እነሱ ሁዳዴ፣ እኛ ረመዳን! ቄሱና ሼሁ ተያዩ፣ በጉን አዩ፣ በጉ እነሱን አየ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን፣ ሼሁ አዛን አለ፣ እማ ዘይነብ በቅል ከወንዙ ውሃ ቀዳች፣ ለጋሽ ተክሌ ሰጠችው፣ ጠጥቶ ለሰይድ ሰጠው፣ ሰይድ ጠጥቶ... ብቻ ቅሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ጠጣ፤ "ለቅሶ ላይ ውሃ ይፈቀዳል" ብሎ።

ምን አልሽ አንቺ? በጉስ? በጉማ ያለ መታረድ ኖረ! የእርቅ በግ ስለሆነ ማንም አይነካው፣ ደጋ ሲሻው ደጋ፣ ቆላ ሲሻው ቆላ ይግጣል፤ በሬ አከለ፣ ቀንዱ ሰባት ዙር ዞረ፣ ጅብ ሲያየው ይቅርታ ጠይቆ ያልፍ ነበር!

"ኧረ አባባ፣ ይኼንንስ አጋነኑት!"

በጉን አጋንኛለሁ፣ ልጄ። በጉን አጋንኛለሁ። ሰዎቹን ግን አሳንሼ ነው የነገርኩሽ፤ እንደ ነበሩ ብነግርሽ አታምኚኝም ብዬ። ሃ ሃ ሃ!